ጥቁሩ መስኮት «ማን ነሽ?» ሲል

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት የአጎቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ደወለልኝ። የወትሮውን ሰላምታ እንኳ በወጉ አላደረሰም። «አንቺ ልጅ፣ ሌሊቱን ሙሉ ምን ስትሠሪበት አደርሽ?» አለኝ። እኔ እንደሆንኩ ተኝቼ ነው ያደርኩት፤ ያውም መብራት ጠፍቶ። እሱ ግን ካርዱ ላይ 41 ዶላር ተቆርጦ አግኝቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአዲስ አበባ ሆኖ ለውጭ ድርጅት በካርድ መክፈል ምን ያህል ጣጣ እንዳለው የማያውቅ የለም። ስለዚህ ብዙዎቻችን የምናደርገውን አደረግሁ፤ ውጭ ያለ ዘመድ ለመንኩ። ወንድሜ (የአጎቴ ልጅ ቢሆንም ወንድሜ ነው የምለው) አንድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት አገልግሎት ላይ በራሱ ካርድ ተመዘገበና «ኤፒአይ ኪይ» የሚሉትን ቁልፍ ላከልኝ። ቁልፍ ሲባል ብረት እንዳይመስላችሁ። በሁለት የላቲን ፊደላት፣ በኤስ እና በኬ፣ የሚጀምር፣ ትርጉም የሌለው ረጅም የፊደልና የቁጥር ቅልቅል ነው።

ይህን ቁልፍ የሚፈልገው መሣሪያ በስልካችሁ የምታወሩት ዓይነት አይደለም። ተርሚናል በሚባለው፣ ሥዕልም ሆነ የሚጫን ምልክት በሌለው ጥቁር መስኮት ውስጥ ትእዛዝ እየተጻፈለት የሚሠራ ነው። ፎልደር ከፍቶ ያነባል፣ ፋይል ይጽፋል፣ ሌላ ፕሮግራም ያስነሳል። እኔ የሁለት ዓመት ቃለ መጠይቆቼን እንዲያደራጅልኝ ነበር የፈለግሁት። መጀመሪያ ስትከፍቱት አንድ ነገር ይጠይቃችኋል፤ በብራውዘር ትገባላችሁ ወይስ ቁልፍ አላችሁ? አለኝ አልኩ። ቁልፉን አንዲት ትንሽ ፋይል ላይ ለጥፌ እዚያው የሥራ ፎልደሬ ውስጥ አስቀመጥኳት። ስሟ በነጥብ ይጀምራል፤ እንዲህ ያለ ፋይል የእኔ ኮምፒውተር ላይ ካልፈለጉት በቀር አይታይም። ከሳምንታት በኋላ ያንኑ ፎልደር ጠቅልዬ አብረን ለምንሠራ 11 ልጆች በቴሌግራም ግሩፕ ላክሁት። ድብቋም ፋይል አብራ ሄደች።

እኔ ረስቻት ነበር። አንድ ሰው ግን አግኝቷታል። የማን እጅ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ቁልፉን ብጠይቀውም አይነግረኝም። ለቁልፉ እኔም ያ ሰውም አንድ ነን።

ንዴቴ ሲበርድ የሙያ አመሌ ተነሣ። ለመሆኑ ይህን ነገር ማን ጀመረው? ፍለጋዬን ወደ ኋላ ወደ ኋላ ስወስደው፣ እኔ የሠራሁትን ስህተት የሚመስል ነገር በ1962 ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሳምንት 4 ሰዓት

ኮምፒውተር በልጅነቱ «ማን ነህ?» ብሎ አይጠይቅም ነበር። ምን አስጨነቀው? ማሽኑ አንድ፣ ባለተራው አንድ። ሥራችሁን በተበሳ ካርድ ታስገባላችሁ፣ ሌላው ወረፋ ይጠብቃል። በኖቬምበር 1961 ግን አሜሪካ ውስጥ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤምአይቲ) ፈርናንዶ ኮርባቶ የሚመራው ቡድን ሲቲኤስኤስ የተባለ ሥርዓት ለዕይታ አቀረበ። ብዙ ሰዎች በየጽሕፈት መኪናው ፊት ተቀምጠው አንዱን ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ ይጋሩታል። እናንተ ስታስቡ ማሽኑ የሌላውን ሥራ ይሠራል፤ ሌላው ሲያስብ የናንተን።

እንግዲህ ቤት የተጋራ ሰው ያውቀዋል፤ ጋራ መሆን ሲመጣ ቁልፍ ይመጣል። የአንዱ ፋይል ከሌላው መለየት ነበረበት፤ ሰዓቱም በየሰው መቆጠር ነበረበት። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ምስጢራዊ ቃል መስጠት ቀላሉ መላ ሆነ። በ2019 ያረፈው ኮርባቶ ለዚህ ነው የኮምፒውተር ፓስዎርድ አባት እየተባለ የሚጠራው። እሱ ራሱ በ2014 ለዎል ስትሪት ጆርናል ሲናገር፣ ነገሩ ወደ ቅዠት መለወጡን አልካደም።

ለዚያ ማሽን የተሠራው መቆለፊያ ግን ዓመት እንኳ በደህና አልቆየም። አለን ሼር የሚባል የዶክትሬት ተማሪ በሳምንት 4 ሰዓት ነበር የተመደበለት። ምርምሩ ደግሞ ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በ1962 የጸደይ ወራት አንድ ቀዳዳ አገኘ፤ ማንኛውም ሰው የፋይሉን ስም በተበሳ ካርድ ጽፎ ካስገባ ፋይሉ በወረቀት ታትሞ ይቀመጥለታል። የሁሉም ሰው ፓስዎርድ ያለበት ነገርስ? ያውም ፋይል ነው። አንድ ዓርብ ማታ ካርዱን አስገባ፣ ቅዳሜ ማለዳ መጥቶ ወረቀቱን ወሰደ። (የኔም ነገር የተገለጠው ቅዳሜ ማለዳ ነው። ቅዳሜ ምን አድርጌዋለሁ?) ሼር ከብዙ ዓመታት በኋላ ራሱ እንደተናዘዘው፣ ጥፋቱን ብቻውን ላለመሸከም ዝርዝሩን ለሌሎችም አካፍሎ ነበር።

የሼር እንኳ ስርቆት ነው። የሚቀጥለው ማንም ያልሰረቀው ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ በዚያው ሥርዓት ላይ ሁለት አስተዳዳሪዎች በአንድ ጊዜ ፋይል ሲያርሙ ነበር። አንደኛው የዕለቱን ማስታወቂያ፣ ሌላኛው የፓስዎርዱን ዝርዝር። የማረሚያው ፕሮግራም ለሁለቱም አንድ ዓይነት ስም ያለው ጊዜያዊ ፋይል ይጠቀም ስለነበር ሁለቱ ተለዋወጡ። ከዚያ በኋላ ሲቲኤስኤስ ላይ የገባ ሰው ሁሉ በማስታወቂያ ፈንታ የባልደረቦቹን ሁሉ ፓስዎርድ በወረቀት ታትሞ ይወጣለት ጀመር። ዓርብ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ። ነገሩን ያየ አንድ ተጠቃሚ ሆን ብሎ ማሽኑን እንዲቆም አደረገው ይባላል፤ አስተዳዳሪዎቹ ደግሞ ያን ምሽት የሰው ፓስዎርድ ሲቀይሩ አመሹ።

በነገራችን ላይ፣ በአማርኛ «የይለፍ ቃል» ስንል ምን እያልን እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ይለፍ። ለዘብ የሚነገር ትእዛዝ ነው። ዘቡ ጨለማ ውስጥ ፊት አያይም፤ ቃሉን ይሰማና ያሳልፋል። ማን ይለፍ? ቃሉ ውስጥ የለም። እንግሊዝኛውም ያው ነው። ስልሳ ዓመት ሙሉ መሐንዲሶች ሲታገሉት የኖሩት ነገር እዚህ ስሙ ውስጥ ተቀምጧል።

ዱቄትና ጨው

የመጀመሪያው ትልቅ ጥገና የመጣው ከእንግሊዝ ነው። የካምብሪጁ ሮጀር ኒድሃም ያሰበው ነገር በሞሪስ ዊልክስ የ1968 መጽሐፍ ውስጥ ተገልጿል፤ ኮምፒውተሩ ቃሉን ለምን ያስቀምጣል? ይፍጨውና ዱቄቱን ያስቀምጥ። ባለቤቱ ተመልሶ ሲመጣ ያስገባውን ቃል እንደገና ፈጭቶ ከዱቄቱ ጋር ያስተያይ። ፋይሉ ቢሰረቅም ሌባው እጅ የሚገባው ዱቄት ነው፤ ዱቄት ተመልሶ እህል አይሆንም።

ዩኒክስ የተባለው የቤል ላብራቶሪ ሥርዓት ይህን ተቀበለ፤ ዛሬ የምንተይብበት ጥቁር መስኮት ጠባዩን የወረሰው ከዩኒክስ ነው። ነገር ግን እህሉ ራሱ ደካማ ቢሆንስ? ሮበርት ሞሪስ እና ኬን ቶምሰን በ1979 ባሳተሙት ጽሑፍ 3,289 የተጠቃሚ ፓስዎርዶችን መረመሩ። 15ቱ አንዲት ምልክት ብቻ ነበሩ። 72ቱ ሁለት፣ 464ቱ ሦስት። 492ቱ ደግሞ መዝገበ ቃላትና የስም ዝርዝር ውስጥ የሚገኙ ነበሩ። በጠቅላላው 2,831ዱ፣ ማለትም 86 በመቶው፣ ያለ ብዙ ድካም ተገኙ። ሌባ እኮ ዱቄቱን መመለስ አያስፈልገውም፤ የመዝገበ ቃላቱን ቃል ሁሉ ፈጭቶ የሚመሳሰለውን መፈለግ ይበቃዋል። ለዚህ ያገኙት መላ ስሙ ጨው ነው (እውነቴን ነው፣ ጨው ብለው ነው የጠሩት)። ለእያንዳንዱ ሰው ቃል ከመፈጨቱ በፊት የተለያየ ቁንጥር ይጨመርበታል፤ ሌባውም አንድ ጊዜ ፈጭቶ የሁሉንም ማግኘት አይችልም።

የታሪክ ነገር ሲገርም። በኖቬምበር 2 ቀን 1988 ኢንተርኔትን ያሽመደመደው ትል የዚሁ የሞሪስ ልጅ፣ ሮበርት ታፓን ሞሪስ፣ የለቀቀው ነበር። ትሉ ከሚጠቀምባቸው መንገዶች አንዱ 432 ቃላት ይዞ ፓስዎርድ መገመት ነው። አባትየው በጽሑፍ ያስጠነቀቀውን ድክመት ልጅየው በተግባር አሳየው ማለት ነው፤ አባት በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ብሔራዊ የደኅንነት ኤጀንሲ የኮምፒውተር ደኅንነት ማዕከል ዋና ሳይንቲስት ነበር። እራት ላይ ምን ተባብለው ይሆን?

ከዚህ ሁሉ ግን ወደ ኔ ጉዳይ በጣም የሚቀርበው የ75 ሳንቲሙ ነው። በኦገስት 1986 ካሊፎርኒያ ውስጥ በሎረንስ በርክሌይ ላብራቶሪ፣ ክሊፎርድ ስቶል የተባለ የሥነ ፈለክ ባለሙያ የኮምፒውተር ሒሳብ እንዲያስታርቅ ታዘዘ። 75 የአሜሪካ ሳንቲም ጎደለ። አንድ ሰው ጥቂት ሰከንድ ተጠቅሞ አልከፈለም። ሌላ ሰው ቢሆን ከኪሱ ሞልቶ ይተወው ነበር፤ ስቶል ግን ወራት ፈጅቶ ተከተለው። ፈለጉ ጀርመን፣ ሃኖቨር ድረስ ወሰደው፤ ማርከስ ሄስ የተባለ ሰው ከአሜሪካ ወታደራዊ ኮምፒውተሮች የሚለቅመውን መረጃ ለሶቪየቱ ኬጂቢ ይሸጥ ነበር። ሄስ ሲገባ በሌሎች ሰዎች ስምና ፓስዎርድ ነበር የሚገባው። ማሽኑ የተሰረቀ ስም መሆኑን አላወቀም። ያወቀው ሒሳቡ ነው። የእኔንም ነገር ያወጣው ሒሳቡ ነው። ልዩነቱ፣ ወንድሜ ሃኖቨር ድረስ አልተከተለም፤ እኔ ላይ ነው የጮኸው።

ቁልፉ ለማን ይሰጥ?

በ1995 በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያልፈውን ፓስዎርድ ሁሉ ይሰማ ነበር። በዚያ ጊዜ ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር ስትገናኙ ፓስዎርዳችሁ በሽቦው ላይ እንዳለ፣ ራቁቱን ነበር የሚሄደው። ታቱ ዩሎነን የተባለ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ተናደደና ኤስኤስኤች የሚባለውን ፕሮግራም ጻፈ። ዛሬ የዓለም ሰርቨሮች የሚከፈቱት በአብዛኛው በእሱ ዘር ነው። የኤስኤስኤች ትልቅ ጸጋ ምስጢሩን ጭራሽ አለመላክ መቻሉ ነው፤ ግማሹ ቁልፍ እናንተ ጋ ይቀራል፣ ሌላው ግማሽ ለማንም ቢታይ ግድ የለም። ግን እናንተ ጋ የቀረው ግማሽስ የት ይቀመጣል? ፋይል ውስጥ ነዋ፤ ስሙ በነጥብ በሚጀምር ድብቅ ፎልደር።

ከዚያ ደግሞ የድረ ገጾች ዘመን መጣ። በ2000ዎቹ አጋማሽ አንድ አዲስ ገጽ ላይ ስትመዘገቡ «ጓደኞችሽን እንድፈልግልሽ የኢሜይልሽን ፓስዎርድ ስጪኝ» ይል ነበር። ሰውም ይሰጥ ነበር! ከእኔ ከፍ የሚሉ ሰዎች ሲነግሩኝ ማመን አቅቶኛል። ይህን ለማስቀረት በ2007 ኦኦት የተባለ ስምምነት ተጻፈ፤ በ2012 ደግሞ ሁለተኛው ዕትም ወጣ። ሐሳቡ ለአከራይና ተከራይ ግልጽ ነው። ሰርቪስ ክፍሉን ለሚያድስላችሁ ሰው የዋናውን ቤት ቁልፍ አትሰጡትም፤ የሰርቪሷን ትሰጡታላችሁ፣ ሥራው ሲያልቅም ትቀበሉታላችሁ። ብራውዘሩ ተከፍቶ «ይህ ፕሮግራም ይህንና ያንን እንዲያደርግ ትፈቅጃለሽ?» የሚለው ገጽ የመጣው ከዚህ ነው። ስንቶቻችን አንብበን እንደምንጫን እንጃ።

ብራውዘር ለሌለውስ? ለቴሌቪዥን፣ ለፕሪንተር፣ ለጥቁሩ መስኮት? የኢንተርኔት ደረጃዎችን የሚያወጣው አይኢቲኤፍ በ2019 መልስ ሰጠ። መሣሪያው አጭር ኮድ ያሳያችኋል፣ እናንተ በስልካችሁ ገጹን ከፍታችሁ ትጽፉታላችሁ። ሰነዱ ኮዱ አናባቢ የሌላቸው 20 ፊደላት ብቻ ቢጠቀም ጥሩ ነው ይላል፤ ሳይታሰብ ቃል እንዳይፈጠርና ሰው እንዳይቀየም። በእኛ ፊደል ይህ መላ አይሠራም። እያንዳንዱ ሆሄ አናባቢውን አዝሎ ነው የሚመጣው፤ በስምንት ሆሄ ውስጥ ስንት ስድብ ሊወጣ እንደሚችል አስቡት።

ይህ ሁሉ ጥበብ እያለ ታዲያ እኔ እጅ ላይ የገባው ያ «ኪይ» ምንድን ነው? ወደ 1961 መመለስ ነው፤ ያውም ዱቄትም ጨውም በሌለበት። የያዘው ሁሉ ባለቤት ነው። እውነት ለመናገር ተወዳጅ የሆነው ቀላል ስለሆነ ነው፤ ፕሮግራም ለፕሮግራም ሲያወራ በመሃል ሰው ስለሌለ ማንም «ፍቀድ» የሚለውን አይጫንም። ውጤቱ ግን የታወቀ ነው። በ2016 ሰርጎ ገቦች ከኡበር መሐንዲሶች የኮድ ማስቀመጫ ውስጥ የአማዞን ክላውድ ቁልፍ አገኙና የ57 ሚሊዮን ተሳፋሪዎችና ሹፌሮች መረጃ ወሰዱ። ኩባንያው 100,000 ዶላር ከፍሎ ዝም አሰኛቸው፤ ሕዝብ የሰማው በኖቬምበር 2017 ነው። በ2019 የወጣ የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጥናት ደግሞ ጊትሃብ በተባለው የኮድ መጋሪያ ላይ ከ100,000 በላይ ማስቀመጫዎች ውስጥ እንዲህ ያለ ምስጢር በአደባባይ ተሰጥቶ አገኘ። ይህን ሳነብ ትንሽ ተጽናናሁ፤ ብቻዬን አይደለሁም።

በ2025 ያ ጥቁር መስኮት ድንገት ፋሽን ሆነ። በፌብሩዋሪ ክላውድ ኮድ፣ በኤፕሪል የኦፕንኤአይ ኮዴክስ፣ በጁን የጉግል ጀሚኒ ሲኤልአይ ወጡ። ሦስቱም በር ላይ ያንኑ ምርጫ ያቀርባሉ፤ በብራውዘር ግቢ ወይም ቁልፍ አምጪ። በብራውዘር ከገባችሁ የሚሰጣችሁ ቶክን ዕድሜው አጭር ነው፤ እየታደሰ ይሄዳል፣ ሲፈለግም ይሰረዛል። ከተለጠፈ ቁልፍ በብዙ ይሻላል። የት እንደሚቀመጥ ግን ሄጄ አየሁ። የአፕል ኮምፒውተር ላይ አንዳንዱ የሥርዓቱ የቁልፍ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ሊኑክስ ላይ ብዙውን ጊዜ ድብቅ ፎልደር ውስጥ ያለ ፋይል ነው። ሼር ቢያየው ምን እንደሚል ገምቱ።

አዲስ የሆነው ሌላ ነገር ነው። የድሮው ፓስዎርድ የሚያስገባው ሰውን ነበር። ይኼኛው የሚያስገባው በእናንተ ስም የሚያነብ፣ የሚጽፍ፣ የሚያዝ ፕሮግራም ነው። በኦገስት 26 ቀን 2025 ኤንኤክስ በተባለ፣ የፕሮግራም ጸሐፊዎች በብዛት በሚያወርዱት መሣሪያ ውስጥ ተንኮለኛ ኮድ ገባ። ኮዱ ኮምፒውተራችሁ ላይ ቶክንና ቁልፍ ይፈልጋል፤ ይህስ የተለመደ ነው። ከዚያ ግን ክላውድ ወይም ጀሚኒ እዚያ ተጭኖ ካገኘ፣ ፈቃድ ሳትጠይቅ ሥራ የሚል ትእዛዝ እየጨመረ «በዚህ ኮምፒውተር ላይ ምስጢር ሊሆኑ የሚችሉ ፋይሎችን ፈልገህ ዘርዝርልኝ» ይለው ነበር። ባለቤቱ ከፍቶ ያስገባውን ሠራተኛ ሌባው በቤቱ ውስጥ አዘዘው። የተገኘውም በባለቤቱ በራሱ ስም በተከፈተ የጊትሃብ ማስቀመጫ ላይ በአደባባይ ተለጠፈ።

ይህን ያነበብኩ ዕለት ነው 41 ዶላሩ ትንሽ የመሰለኝ። ያ የሥራ ፎልደሬ ውስጥ «ስማችን እንዳይጠቀስ» ብለው ያናገሩኝ ሰዎች ቃል አለ። ጽሑፉ ውስጥ በምልክት ነው ያሉት፤ ምልክቱን ከእውነተኛ ስማቸው ጋር የሚያገናኘው ሠንጠረዥ ግን እዚያው አንድ ፎልደር ወደ ላይ ነበር። በቴሌግራም የላክሁት ታችኛውን ነው። ላይኛውን ብልክ ኖሮስ? ለመሣሪያውም ቢሆን እስከ ላይ ድረስ እንዲያነብ የፈቀድኩት እኔው ነኝ። ገጹን ሳላነብ ነው የተጫንኩት።

ቁልፉን ወንድሜ ያኔውኑ ስልክ ላይ እያለ ሰረዘው፤ ደቂቃ አልፈጀም። ከሳምንት በኋላ ሲበርድለት በራሴ ኢሜይል እንድገባ አድርጎ ሒሳቡ ላይ ጨመረኝ፤ በወር ከ15 ዶላር እንዳያልፍ ገደብ አኖረ። አሁን ስገባ በብራውዘር ነው፤ የሚጠይቀኝን ዝርዝር እስከ መጨረሻው አነባለሁ። መሣሪያው የሚያየው አንድ ፎልደር ብቻ ነው፤ ድብቋን ፋይል ከእኔ በቀር ሌላ ተጠቃሚ እንዳይከፍታት አድርጌያለሁ።

የስሞቹን ሠንጠረዥ ግን ኮምፒውተር ላይ አልተውኩትም። በእጄ ደብተር ላይ ገልብጬ ፋይሉን አጠፋሁት። ደብተሩ እናቴ ቁምሳጥን ውስጥ፣ ከነጠላዎቿ ሥር ነው። ቁልፉን እሷ ይዛዋለች። ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።